ሄክሳን የማይገባበት ሼድ

«አይገባም አልኩህ፤ አይገባም!»

«የማን ሼድ መሰለሽ? የፋብሪካው ነው እኮ። የእናታችን ጓዳ አይደለም።»

«የእናታችን ጓዳ ቢሆንማ ጭራሽ አታስበውም ነበር። በጭቃ እግርህ ስትመጣ በመጥረጊያ የማባርርህ ማን ነበር?»

«እታለም፣ በሰው ፊት ጭቃዬን አታንሺብኝ።»

ሰው ያለው የጭነት መኪናውን ሹፌር ነው። ሹፌሩ ከፋብሪካው በር ገባ ብሎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ክርኑን በመስኮቱ ላይ አስደግፎ እህትና ወንድም ሲጨቃጨቁ ይመለከታል። ከኋላው በገመድ የታሰሩ ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የእሳት ነበልባል ምልክት ተለጥፏል።

«ጌታዬ፣ ላውርድ ወይስ ልመለስ?» አለ።

«ቆይ» አለ ወንድም።

«ተመለስ» አለች እህት።

«እሺ፣ ስትታረቁ ቀስቅሱኝ» ብሎ ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ።

ወንድምየው የቲማቲም ድልህ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጥቷል፣ ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ እህቱ ግን ዛሬም «ጩጬ» ትለዋለች፤ ይህን የሰሙ ሠራተኞችም ዞር ሲል እንደዚያው ይሉታል። እሷ የኬሚካል መሐንዲስ ናት። በምርምር ተቋሙ ውስጥ ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ሌላው የሚጥለውን በማንሳት ነው፦ ዘይቱ የተጨመቀለትን ፍሬ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ። ባልደረቦቿ «የልጣጭ ዶክተር» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙን ስትሰማ አትቆጣም። በሯ ላይ ጽፈው ቢለጥፉት እንኳ አታነሳውም ነበር።

እዚህ ፋብሪካ ያመጣት ከግቢው ጀርባ ያለው ክምር ነው። ቲማቲሙ ተጨምቆ ድልህ ሲሆን ልጣጩና ፍሬው ይተርፋል፤ በየወቅቱ እዚያ ይጣላል፣ ይኮመጥጣል፣ ዝንብ ያፈላበታል፤ የሰፈሩ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እሷ ባዶ ጣሳ ይቀመጥበት የነበረውን ሼድ ለምና ተቀበለች። እዚያ ውስጥ የምትሠራው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ፍሬውን ጨምቃ ዘይቱን ታወጣለች። ዘይቱን በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ለብ ታደርግና ልጣጩን ከትታ ታማስለዋለች። ቀዩ ቀለም ልጣጩን እየለቀቀ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁሉም በሚሽከረከር ማጣሪያ ያልፍና ዘይቱ ለብቻው፣ ልጣጩ ለብቻው ይወጣል። ቀዩን ዘይት ምግብ አምራቾች ለማቅለሚያ ይፈልጉታል። ከውጭ የሚጨመር ምንም የለም። «ቲማቲሙ ራሱን በራሱ ያጥባል» ትላለች። ይህን ስትናገር ብቻ ነው ፊቷ የሚፈካው።

ችግሩ ዘይት ጨዋ መሆኑ ነው፤ ከልጣጩ ውስጥ ያለውን ቀለም አሟጦ አይወስድም። ሄክሳን ግን ጨዋ አይደለም። ከነዳጅ የሚወጣ፣ እንደ ቤንዚን የሚተን፣ ያገኘውን ቅባትና ቀለም ጠራርጎ የሚወስድ ፈሳሽ ነው። የፋብሪካው ቦርድ ዛሬ የሚመጣው ይህን ልዩነት ሊያይ ነው። ወንድምየው ደግሞ መልሱ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃቸው ብሎ በርሜሎቹን አዝዞ አስመጣ።

«ሄክሳንን ለስንቱ ያስተማርሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ?» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሄክሳን እመቤት ይሉሽ የለ?»

«ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«አረጀሁ። ስማ ጩጬ፣ በርሜሉን ገዛህ፤ ዝግ ማሽኑንስ? ትነቱን ይዞ የሚያስቀረውን?»

«በሚቀጥለው ዓመት በጀት...»

«እስከዚያስ ትነቱን ማን ይይዘዋል? ሼዱ ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች በሳንባቸው?»

«በር ይከፈታል፣ መስኮት ይከፈታል! ጓንት እገዛላቸዋለሁ! ሰው ሁሉ የሚሠራበትን ነገር አንቺ እንደ እባብ...»

«ሄክሳን ከአየር ይከብዳል። በመስኮት አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል።»

«ወይ ጉድ!» አለና ወደ ሹፌሩ ዞረ፤ ምስክር እንደሚፈልግ። «አንድ እግር ነጠላ ጫማ አድርጋ ቤት የገባች ሴት ስለ ጥንቃቄ ታስተምረኛለች!»

ይህ በቤተሰቡ ውስጥ የቆየ ቀልድ ነው። እሷ ወጣት ሳለች አንድ ቀን ከሥራ ወደ ቤት የገባችው አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ነበር። ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ እሷ አላወቀችም። «በሐሳብ ተውጣ» ተባለ፣ ተሳቀ፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ወንድምየው አካሄዷን እያስመሰለ ያሳያል። እሷም አብራ ትስቃለች።

አሁን ግን አልሳቀችም። «ያንን ተወው» አለች።

«ቦርዱ ይወስን።»

«ይወስን። ቦርዱ ግን ሼዱ ውስጥ ውሎ አይተነፍስም።»

መኪናው በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ሄክሳን ምን እንዳደረጋት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለወንድሟም፣ ለእናቷም፣ ለተቋሙም። በወጣትነቷ ዘመን እሷና ባልደረቦቿ በተቋሙ ውስጥ የሚሠሩበት ክፍል መስኮቱ አቧራ እንዳያስገባ በሚስማር ተመትቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከፍሬ ዘይት በሄክሳን ሲያወጡ ይውላሉ፤ ማታ ሲወጡ እጃቸው በቅባት ተለውሶ ነው። ሳሙና ይንሸራተታል እንጂ አያስለቅቀውም። ሄክሳን ግን አንድ ጊዜ ሲፈስበት እጅን ጥርት አድርጎ፣ ፎጣ እንኳ ሳያስፈልገው ደረቅ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ሁሉም እጁን በሄክሳን ይታጠብ ነበር። ከነሱ ሌላ ማን እንደዚያ ያደርጋል? ነገሩን የሚያውቀው ሰው ነው የሚደፍረው። ክፍሉን የሚመራው ፕሮፌሰር ይታጠብ ነበር፣ ተማሪዎቹ ይታጠቡ ነበር፤ እሷማ ብልቃጧን ከበሩ አጠገብ አስቀምጣ ለሁሉም ታፈስላቸው ነበር።

በመጀመሪያ የእግሯ ጣቶች ደነዘዙ፤ ያ ጫማ የጠፋው ያኔ ነው። ቀጥሎ የእጇ ጣቶች። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ፤ ከሥራው ከራቀች ሊሻላት እንደሚችል ነገራት። ራቀች፤ ተሻላትም፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላትም። ዛሬ ልብሷ ሁሉ ዚፕ ነው፤ ቁልፍ ያለው ልብስ አትገዛም። አንድ ነገር ስትይዝ ዓይኗ እጇ ላይ ነው፤ እጇ የያዘውን የምታውቀው በማየት ነው። ሳታይ አትይዝም፤ ይህ ሕጓ ነው። ሠራተኞቹ ጥንቃቄዋ ይመስላቸዋል።

ያልተናገረችበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። እጁ የማይሰማው መሐንዲስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የቢሮ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ከዚያም በላይ፣ ብትናገር ክርክሯ ሁሉ ቂም ይሆናል፤ «ምስኪን፣ ስለጎዳት ነው» ይባላል። እሷ ልክ ስለሆነች ማሸነፍ ነው የምትፈልገው፤ ስለታዘነላት አይደለም።

ቦርዱ ረፋድ ላይ መጣ። ሊቀመንበሯ ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ወደ ሼዱ ስትገባ ወለሉን እያየች ነው የምትረግጠው። ከኋላዋ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ አሉ፤ ፋብሪካውን ካቋቋሙት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከነሱ ጋር የምርምር ተቋሙ የክፍል ኃላፊ መጣ። የመሐንዲሷ የድሮ ተማሪ ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር ጣቶቹን የሚያጣምር ሰው።

«እንደምን አደሩ ዶክተር» ብሎ ጎንበስ አለላት። ከልቡ ያከብራታል። እሷን የሚያናድዳትም ይኸው ነው፤ ቢንቃት ኖሮ ይቀላት ነበር።

ኃላፊው ከቦርሳው ሁለት ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። አንዱ ጥቁር እስኪመስል የቀላ ነው፤ ሌላው ወደ ብርቱካን ያደላል።

«ይህ በሄክሳን፣ ያ በዘይት» አለ። «በሄክሳን ከቀለሙ ከመቶ ዘጠና አራት እጁ ወጥቷል። በዶክተር ዘዴ ሰባ አንድ።»

«ኧረ ዓይንም ይፈርዳል» አሉ ሽማግሌው።

«መቼ ነው የለካኸው?» አለች መሐንዲሷ።

«ማለት?»

«ሄክሳኑ ውስጡ እያለ ነው ወይስ ተንኖ ካለቀ በኋላ?»

ኃላፊው ጣቶቹን አጣመረ። «እያለ ነው።»

«እርጥብ ልብስ መዝነህ ከበደ ትላለህ?»

ሽማግሌው ሳቁ። ሊቀመንበሯ አልሳቀችም፤ ወደ ኃላፊው ዞራ ጠበቀች።

«እውነታቸውን ነው» አለ ኃላፊው፤ ሳይቆጣ። «ሄክሳኑን ለማስወጣት ስናሞቀው ቀለሙም ይጎዳል። ተንኖ ሲያልቅ ሰማንያ አምስት ላይ ይቆማል። የደበቅሁት ነገር የለም፤ ብጠየቅ እናገር ነበር።»

«ስላልጠየቁህ ነዋ እኔ የጠየቅሁህ።»

«ቢሆንም ዶክተር፣ ሰማንያ አምስት ከሰባ አንድ ይበልጣል።»

«ይበልጣል» አለች።

«ታዲያ ተሸንፈዋል ማለት ነው?» አለች ሊቀመንበሯ።

«በቁጥሩ አዎ። ልዋሽዎት አልችልም። ልጣጩ ውስጥ የሚቀረውን ግን ከብት ይበላዋል፤ ልጣጩ እንዳለ መኖ ይሆናል። ክምሩ ይጠፋል። ሄክሳን የነካው ልጣጭ በደንብ ካልጸዳ ለከብት አይሰጥም፤ የሚያጸዳውን ማሽን ደግሞ አልገዛችሁም። ስለዚህ ቀለሙን ትወስዳላችሁ፣ ክምሩ ግን እዚያው ነው፤ አሁን ደግሞ የሚቀጣጠል ክምር።»

«ይህን አልነገርከንም» አለች ሊቀመንበሯ ለሥራ አስኪያጁ።

«በሚቀጥለው ዓመት በጀት...» አለ ጩጬ።

«ኑ እዩት» አለች መሐንዲሷ። «በወሬ አይሆንም።»

ጋኑ እየተማሰለ ነበር። ከአጠገቡ የምትቆመው ሴት የማጣሪያውን ማሽን የምትነዳ ናት፤ ማሽኑ ሲሽከረከር ከፍ ባለ ድምፅ ስለሚያዜም ሴቶቹ ማሽኗን «ዘፋኟ» ይሏታል፤ ሴትዮዋም ራሷን «የዘፋኟ አጃቢ» ትላለች። ሌሎቹ ሦስት ሴቶች ልጣጩን በአካፋ እየዛቁ ያቀርባሉ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው የእንፋሎት ቫልቭ ከጋኑ ጎን ነው፤ እጀታው ላይ የነበረው የጎማ ልባስ ተቀዶ ጠዋት ስለወለቀ ባዶ ብረት ሆኗል። መሐንዲሷ ራሷ ናት «ያለ ጓንት አትንኩት» ብላ የተናገረችው።

«አሁን እንፋሎቱን እቀንሰዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ከሞቀ ቀለሙ ይጠቁራል» እያለች ከጎኗ ካለው መንጠቆ ጓንቷን ልታነሳ ተጠጋች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ሊቀመንበሯ። «ሰው ሁሉ ስለዚህ ነገር ሲያወራ በቁጥር ነው። እርስዎ ግን ሲናገሩ ሌላ ነገር ይሰማኛል። ሄክሳንን ለምን እንዲህ ጠመዱት? በግል የደረሰብዎት ነገር አለ?»

ጥያቄው ካሰበችው በላይ ጠልቆ ገባ። ዞር ብላ ሴትዮዋን ፊት ለፊት አየቻት፤ እጇ ግን የጀመረውን ቀጠለ፤ መንጠቆውን ስቶ የቫልቩ እጀታ ላይ አረፈ፣ ጨበጠውም።

«በግል ምንም የለኝም» አለች። «እኔ መሐንዲስ ነኝ። ሰው የሚመርዝ ነገር ቁጥሩ ስላማረ ብቻ ደህና አይሆንም። ይህን ለመናገር መጎዳት አለብኝ? ቤትዎ ውስጥ ጋዝ ሲሸት ማን እንደሞተ ጠይቀው ነው የሚዘጉት?»

«አይ፣ እንደዚያ ማለቴ...»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አልተቆጣሁም። ግን የሁሉም ሰው መልስ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ የእኔ ብቻ ሳይሆን...»

«የሆነ ነገር አረረ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፤ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው።

«ዶክተር!» ብላ ጮኸች የዘፋኟ አጃቢ። «እጅዎ! ኧረ እጅዎ!»

መሐንዲሷ ዝቅ ብላ አየች። ባዶ እጇ ባዶ ብረት ጨብጧል። ጣቶቿን አንድ በአንድ እንደ ሌላ ሰው ጣት እያየች አላቀቀቻቸው። መዳፏ ላይ ቆዳው ነጥቶ ተነስቷል። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

«እንዴት አልጮኹም?» አለች ሊቀመንበሯ፤ ወደ ኋላ አፈግፍጋ።

ሊዋሽ የሚችል አፍ ነበራት። «ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር» ማለት ትችል ነበር፤ ነጠላ ጫማው የጠፋ ቀን እንዳለችው። «አልተሰማኝም» አለች።

ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰው ጩጬ ነው። ክንዷን ይዞ፣ ሰዎቹን በትከሻው እየገፋ፣ ወደ ውጭ አወጣት። ግድግዳው ላይ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ እጇን ከውሃው ስር ያዘ።

«ያምሻል?»

«ትንሽ፣ ከአንጓዬ በላይ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዝቅ ብላ እግሯን አየች። እሱም ዓይኗን ተከትሎ እግሯን አየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ያ ጫማ...» አለ።

«አዎ።»

«ስቄብሻለሁ እኮ። ስንት ዓመት ሙሉ አካሄድሽን እያስመሰልኩ...»

«ያስቅ ነበር። ደግሞ ጎበዝ ነህ፤ ከእኔ ይልቅ እኔን ትመስል ነበር።»

«አትቀልጂብኝ!» አለና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «አሁኑኑ እመልሰዋለሁ። አንድም በርሜል አይወርድም። አንቺን እንዲህ ያደረገ ነገር በዚህ በር...»

«ቆይ» አለች። እጇን ከውሃው ውስጥ አወጣች። «ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው፤ ይውረድ።»

«ምን?»

«የሰማኸውን። እኔን አልፎኛል፤ የሚጎዳኝን ጎድቶኛል። ለእኔ ብለህ ከመለስከው ነገ ጡረታ ስወጣ መልሰህ ታስገባዋለህ፤ ምክንያትህ አብሮኝ ይሄዳላ። እዚያ ውስጥ አራት ሴቶች አሉ። ጣታቸው ይሰማቸዋል። ልጅ ያጥባሉ፣ በመርፌ ይሰፋሉ፣ ፀጉር ይጎነጉናሉ። ለነሱ ብለህ ከሆነ መልሰው። ካልሆነ እንደ ጠዋቱ እንጣላለን፤ እኔ ለመጣላት ጉልበት አለኝ።»

«አንቺ መቼም...» አለ።

«እና ዝግ ማሽን ብታመጣም አልወደውም። ግን እሱን ያኔ እንጨቃጨቃለን።»

የዘፋኟ አጃቢ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መጣች። መሐንዲሷ እጇን ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ከንፈሯን እየመጠጠች ስትጠቀልልላት ዓይኗን ከጣቶቿ ላይ አልነቀለችም፤ ከበሩ ሆና የሰማችው አሁን ቀስ እያለ እየገባት ነበር። «እኛም እንዲህ እንሆን ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«አትሆኑም» አለች መሐንዲሷ። ወንድሟን አላየችውም። ውሃው ሳይዘጋ እየፈሰሰ እሱን ቧንቧው አጠገብ ትታው ገባች።

ሼዱ ውስጥ ሊቀመንበሯ ቦርሳዋን ይዛ ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር። «ዶክተር፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ። እኛ ሌላ ቀን እንመጣለን።»

«ሐኪም ቤቱ የትም አይሄድም። ዘይቱ ግን አይጠብቅም» አለች። በደህናው እጇ ጓንቱን አነሳች፤ እያየች፤ በጥርሷ ስባ አጠለቀችው። «ልታዩ መጥታችኋል፤ አይታችሁ ሂዱ። በኋላ 'አዝነንላት ነው የተስማማነው' እንዳትሉ። 'አዝነንላት ነው የተውናት' እንዳትሉም ጭምር።»

«ይህቺ ልጅ አትቻልም» አሉ ሽማግሌው፤ በደስታ ይሁን በድካም አልታወቀም፤ የተገለበጠ ሳጥን ስበው ተቀመጡ።

እንፋሎቱን ዘጋች። የጋኑ ማውጫ ሲከፈት ለብ ያለው ድብልቅ ወደ ማጣሪያው ወረደ። ዘፋኟ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ቀጥሎ ድምጿን አነሳች፣ ኋላ ያንን ቀጭን ዜማዋን ያዘች። ከአንደኛው አፍ ልጣጩ ፈዝዞ፣ ሮዝ መስሎ፣ እየተፋቀ መውጣት ጀመረ። ሦስቱ ሴቶች ሣጥን ደቀኑለት። ከሌላኛው አፍ ዘይቱ መጣ፤ በመጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ ክር፣ ከዚያ የማያቋርጥ ቀይ ጅረት። ሊቀመንበሯ ነጭ ጫማዋን ረስታ ተጠጋች።

«ጢሜን በዚህ ብቀባው ይይዛል?» አሉ ሽማግሌው።

«ይይዛል ጋሼ፣ ግን ዝንብ ይወድዎታል» አለች የዘፋኟ አጃቢ። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ሳቁ።

የክፍል ኃላፊው ብቻ አልሳቀም። ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ከሁለቱ ብልቃጦች ኋላ ቆሞ፣ በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ይጫናል፤ ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል። እሱም በዚያ መስኮቱ በሚስማር በተመታ ክፍል ውስጥ ነበር። የሄክሳኑን ብልቃጥ እያጋደለች በእጁ ላይ የምታፈስለት እሷ ነበረች። መሐንዲሷ አየችው፤ እሱም ማየቷን አየ።

«ቀለሙ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» አለች ሊቀመንበሯ፤ በትንሽ ብርጭቆ ዘይቱን ወደ ብርሃኑ አንስታ።

«መጀመሪያ ከብርሃኑ ያውርዱት» አለች መሐንዲሷ። «ብርሃን ነው የሚበላው። በጨለማ፣ በተከደነ ዕቃ ካስቀመጡት ግን ወቅቱ ዞሮ አዲስ ቲማቲም እስኪመጣ...»

በክፍት በሩ በኩል ጩጬ ወደ መኪናው ሲሄድ ይታያል። የሹፌሩን በር መታ፤ ሹፌሩ ኮፍያውን ከዓይኑ ላይ አነሳ፤ አጭር ነገር ተባባሉ። ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁን ዘፋኟ ዋጠችው። ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ በሩን በሁለት በኩል ከፈተ። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ፣ ታጠፈ፣ ሰማያዊዎቹ በርሜሎች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ በአጥሩ ጥግ ተሰወሩ። ዘበኛው በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሼዱ ውስጥ ሊቀመንበሯ ብርጭቆውን በመዳፏ ሸፍና ሌላ ጥያቄ እየጠየቀች ነበር።